ካቻቢቴው በማን እጅ ነው?

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለም፤ ሴት ልጆች በእጃቸው እየሠሩ ሳይንስን የሚሞክሩበት ዝግጅት እንዴት ቢካሄድ ይሻላል በሚለው ላይ ብቻዬን ነው የማወራው።

ሴት ልጆችን ወደ ሳይንስ እንሳብ ሲባል ብዙውን ጊዜ ንግግር ይበዛል። ፖስተር ይሰቀላል፣ ፎቶ ይነሳል፣ በቃ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2016 ጀምሮ ፌብሩዋሪ 11 የሴቶችና የልጃገረዶች የሳይንስ ቀን ሆኖ ይከበራል። ቢከበር ደስ ይለኛል። የኔ ጥያቄ ግን ሌላ ነው፦ ጠረጴዛው ላይ ካቻቢቴውን የያዘው ማን ነው?

ለአምስት ልጆች አንድ ዕቃ ስጡና ራቅ ብላችሁ እዩ። ብዙ ጊዜ ወንዱ ዕቃውን ይዞ እሷ እስክሪብቶ ትይዛለች። «ጽሕፈቷ ያምራል» ይባላል። ሰዓቱ ሲያልቅ ሥራውን መዝግባዋለች፤ አልነካችውም። ስለዚህ አንድ ዕቃ ለሁለት ልጅ፣ ከዚያ በላይ አይሁን። በየ10 ደቂቃው እጅ ይቀያየሩ። ይህቺን ካላስተካከላችሁ ሌላው ዝግጅት ሁሉ ከንቱ ነው።

ዕድሜውስ? እኔ ከ8 እና ከ9 ዓመት ጀምሩ ባይ ነኝ። ተመራማሪው ዴቪድ ቻምበርስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1983 ባሳተመው ጥናት 4,807 ልጆች ሳይንቲስት ሳሉ ተብለው ሴት የሳሉት 28 ብቻ ነበሩ፤ 28ቱም ሴቶች ልጆች። ከዚያ ወዲህ በአሜሪካ ነገሩ ተሻሽሏል፤ ሆኖም ልጆቹ እያደጉ ሲሄዱ ወንድ የመሳል ነገር አሁንም ይጨምራል።

እንግዲህ ለመጀመሪያ ቀን የምመርጠው የወረቀት ላይ መብራት ነው። ለሁለት ልጅ የሚያስፈልገው፦ አንድ ጠንካራ ወረቀት፣ የአሉሚኒየም ፎይል፣ ፕላስተር፣ አንድ ቀይ ኤልኢዲ አምፖል (አንዱ ረጅም ሌላው አጭር ሁለት የሽቦ እግር ያለው ትንሽዬ መብራት)፣ ባለ 3 ቮልት ክብ ባትሪ። ፎይሉ ድርብ ተደርጎ ይታጠፍና 1 ሴንቲሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት መስመሮች ይወጡታል። ሳይነካኩ ወረቀቱ ላይ ይለጠፋሉ። የአምፖሉ ሁለት እግሮች ተከፍተው አንዱ በአንዱ መስመር፣ ሌላው በሌላው ላይ በፕላስተር ይታሰራሉ። ባትሪው የወረቀቱ ጥግ ላይ፣ የመደመር ምልክቱ ወደ ላይ ሆኖ አጭሩ እግር ባለበት መስመር ላይ ይቀመጣል። ሁለተኛው መስመር አጠገቡ ያለው ጥግ ድረስ ይደርሳል፤ ያ ጥግ ሲታጠፍ ፎይሉ የባትሪውን የላይኛውን ፊት ይነካና መብራቱ ይበራል።

ይበራል አልኩ እንጂ መጀመሪያ ላይ አይበራም። የሳይንሱ ሰዓት የሚጀምረውም እዚህ ጋ ነው።

ልጅቷ «አበላሸሁት» ትላለች። አስተባባሪው ደግሞ «አምጪው» ብሎ ይነጥቃትና በ20 ሰከንድ ያበራዋል። አያድርገው! እጁን ወደኋላ ያጣምር። «መጀመሪያ ባትሪውን ለብቻው እንዴት ትፈትሺዋለሽ?» ይበላት። አምፖሉን በቀጥታ በባትሪው ሁለት ፊት ላይ ትይዛለች። ካልበራ ታገላብጠዋለች፤ ረጅሙ እግር ወደ መደመሩ ነው። እዚያ በርቶ ወረቀቱ ላይ እምቢ ካለ ጥፋቱ መገናኛው ላይ ነው፦ የፕላስተሩ ሙጫ በእግሩና በፎይሉ መሃል ገብቶ ይሆናል፤ ሙጫ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ባትሪው ከሞቀ ደግሞ ሾርት አለ፤ ኤሌክትሪኩ አምፖሉን ትቶ በአቋራጭ እየሄደ ነው ማለት ነው። ብዙዎች የሚስቱት የባትሪው ጎን ራሱ ፖዘቲቭ (መደመር) መሆኑን ነው፤ ከታች ያለው ፎይል ሰፍቶ ወደ ጎኑ ከተጠቀለለ ሾርት ያደርጋል። አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እየቀየረች ትሞክር፤ ሁለቱን አንዴ ከቀየረች የትኛው እንዳዳነው አታውቅም።

ቀድመው ለጨረሱት ነጭ አምፖል ጨምሩላቸው። በነዚያው ሁለት መስመሮች ላይ ሲደርቡት ነጩ እንቢ ይላል። ቀዩ 2 ቮልት ገደማ ይበቃዋል፣ ነጩ 3 ቮልት አካባቢ ይፈልጋል፤ ቀዩ ቮልቴጁን ወደራሱ ልክ ያወርደዋል። መልሱን ቶሎ አትንገሯቸው። ቀዩን ነቅለው ነጩ ሲበራ ሲያዩ ራሳቸው ይከራከሩበታል፤ ያ ክርክር ከአሥር ፖስተር ይበልጥብኛል።

አንድ ነገር ግን በቀልድ አይታለፍም። ክብ ባትሪ ሕፃን ከዋጠው ጉሮሮውን በ2 ሰዓት ውስጥ ክፉኛ ሊያቃጥል ይችላል። ትንንሽ ወንድምና እህት ተከትለው የሚመጡ ከሆነ ሁለት ባለ 1.5 ቮልት ባትሪ ተጠቀሙ፤ ያኔ 100 ኦም ሬዚስተር (የኤሌክትሪኩን ፍሰት የሚቀንስ ትንሽ ዕቃ) ካልጨመራችሁ ግን አምፖሉ ሊቃጠል ይችላል። ክቡ ባትሪ ያለ ሬዚስተር የሚሠራው ፍሰቱን የሚገታ የራሱ ውስጣዊ ተቃውሞ (ሬዚስታንስ) ስላለው ነው።

ጊዜው 90 ደቂቃ ቢሆን ይበቃል። ንግግር ከ10 ደቂቃ አይለፍ። በየሳምንቱ ለስድስት ሳምንት ማድረግ በዓመት አንዴ ድል ያለ ዝግጅት ከመደገስ ይሻላል፤ ምክንያቱም በሁለተኛው ሳምንት ያቺው ልጅ ሳትጠየቅ አምፖሉን አገላብጣ ትሞክራለች።

መጨረሻ ላይ የሰጣችሁትን ክብ ባትሪ አንድ በአንድ ቆጥራችሁ ተረከቡ። ወረቀቱን ግን ከነአምፖሉ ይውሰዱት። ሊወስዳት የመጣው ሰው በር ላይ ሲደርስ እናንተ አታስረዱት፤ እሷ ትንገረው፣ በመጀመሪያ ለምን እምቢ እንዳለ ጭምር።