ያልተዘመረላቸው የጃዝ ሰዎች፣ ከጣና ዳር ሲሰሙ

[ምስል፦ በመደርደሪያ ላይ የቆሙ ሸክላዎች። በመስኮቱ ማዶ ዘንባባና የሚያልፍ ባጃጅ።]

"ያልተዘመረላቸው የጃዝ ሰዎች" የሚሉ ዝርዝሮች ሞልተዋል። ኒውዮርክ ይጻፋሉ፣ ፓሪስ ይጻፋሉ፣ ቶኪዮ ይጻፋሉ። ብዙዎቹ ጥሩ ናቸው። የማይነግሩን ነገር ግን አለ፦ በማን ጆሮ ነው የተሰማው?

ባሕር ዳር ያደገ ጆሮ ሰርግ ላይ ሽለላ ሰምቷል። በዐቢይ ጾም ከጎረቤት ሬዲዮ በገና ሰምቷል። አዝማሪ ቤት ገብቶ ማሲንቆው ዘፋኙን ሲከተለው፣ አንዳንዴም ሲቀድመው አይቷል። በዚህ ጆሮ ጃዝ ስትሰሙ የሚያስደንቃችሁም የምታልፉትም ይለያል። ዛሬ የማወራው በዚህ ጆሮ የመረጥኳቸውን ነው። ባትስማሙም አልቀየምም።

ዓመቶቹን በሙሉ የምጠራው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በቅድሚያ ሙላቱ አስታጥቄ በዝርዝሬ ውስጥ የለም። ትልቅ ሰው ነው፣ እወደዋለሁ። ግን የአሜሪካዊው ዳይሬክተር የጂም ጃርሙሽ ፊልም በ2005 ሙዚቃውን ከተጠቀመበት ወዲህ ያልተዘመረለት ልንለው አንችልም። እንዲያውም የውጭ ሰው "የኢትዮጵያ ጃዝ" ሲል ሙላቱን ብቻ ማለቱ ሌሎቹን ጥላ ውስጥ አስገብቷቸዋል።

[ምስል፦ የጌታቸው መኩሪያ ሸክላ ሽፋን።]

ከጥላው ውስጥ መጀመሪያ የማወጣው ጌታቸው መኩሪያን ነው። ቴነር ሳክስፎን ተጫዋች። በ1935 ተወለደ፣ በ2016 አረፈ። በ1972 ፊሊፕስ በተባለው የሸክላ አሳታሚ የወጣው ትልቁ ሸክላው የኢትዮጵያ ሳክስ "ንጉሥ" ይለዋል። ማጋነን አይደለም።

ጌታቸው ያደረገው ነገር ምንድን ነው? ሽለላንና ፉከራን ከአፍ አውጥቶ ሳክስፎን ውስጥ ከተተ። ፉካሪ እንዴት እንደሚያወራ አስቡት። "ዘራፍ!" ይላል፣ ይቆማል። ትንፋሹን ይሰበስባል። ከዚያ ቃላቱን ያዥጎደጉደዋል፣ መጨረሻው ላይ ድምፁን ያንቀጠቅጠዋል። ከበሮ አይጠብቅም፣ ምት አይቆጥርም። ጌታቸውም እንደዚያው ነው። ከሥር ኦርጋኑና ቤዙ አንድ ነገር እየደጋገሙ ይሄዳሉ። እሱ ከላይ ሲፈልግ ይቸኩላል፣ ሲፈልግ ያስጠብቃል። መድረክ ላይ ካባና የአንበሳ ጎፈር አድርጎ የሚወጣውም ለጌጥ ብቻ አልነበረም። የሚጫወተው የአርበኛ ዜማ ነው።

የውጭ ተቺዎች ሲሰሙት ወዲያው አሜሪካዊውን ሳክስፎን ተጫዋች አልበርት አይለርን ይጠራሉ፣ ፍሪ ጃዝ፣ ማለትም ከቋሚ ምትና ኮርድ የተላቀቀ ጃዝ ይላሉ። አይፈረድባቸውም፣ የሚያውቁት እሱን ነው። ግን ጌታቸው ይህን ከአሜሪካ አልተማረም። ጎጃም ሰርግ ላይ የዋለ ሰው ደግሞ ማብራሪያም አያስፈልገውም፣ ሁለተኛው ትንፋሽ ላይ ትከሻው ይነሳል። የሚገርመው የኔዘርላንድ የፐንክ ባንድ የሆኑት ዘ ኤክስ ገብቷቸዋል። ጋብዘውት አብረው ዞሩ፣ በ2006 "ሞኣ አንበሳ" የሚለውን አልበም አወጡ። ሰውየው ያኔ ሰባ ዓመት አልፎታል፤ ጊታሮቹ ሲጮኹ እሱ አይበገርም።

የእኛ ሰዎች ግን ጌታቸውን "የድሮ ክላሲካል" ብለው ሆቴል ሎቢ ውስጥ በቀስታ ይከፍቱታል። ሽለላ በቀስታ አይከፈትም ጎበዝ!

[ምስል፦ ሃርፕና በገና ጎን ለጎን።]

ሁለተኛዋ አሜሪካዊት ናት፣ ዶሮቲ አሽቢ፣ የዲትሮይት ልጅ። መሣሪያዋ ሃርፕ ነው። በጃዝ ሃርፕ መጫወት እንዴት ያለ ጣጣ እንደሆነ ልንገራችሁ። ትልቁ የኮንሰርት ሃርፕ 47 አውታር አለው። ግማሽ ድምፅ ለመቀየር በእግር የሚረገጡ ሰባት ፔዳሎች አሉት። ጃዝ ደግሞ ኮርዱን (አብረው የሚመቱትን ድምፆች) በየሰከንዱ ይቀያይራል። በዚያ ላይ አንዴ የተነካ አውታር ዝም አይልም። በእጅ ካላፈኑት የቀደመው ድምፅ ከአዲሱ ጋር ይደባለቃል።

ክራር የሚደረድር ሰው ይህን ያውቀዋል። ቀኝ እጁ ሁሉንም አውታሮች ሲመታ፣ የግራ እጁ ጣቶች የማይፈለጉትን ያፍናሉ። ዜማው የሚወጣው ከተተዉት ነው። አሽቢን ስሰማ የሚታየኝ ያ የግራ እጅ ነው። በ1958 ከፍሉት ተጫዋቹ ፍራንክ ዌስ ጋር የሠራችው "ሂፕ ሃርፕ" ላይ እያንዳንዱ ድምፅ ተለይቶ ይሰማል። ሰብሳቢዎች የሚሻሙት የ1968ቱን "አፍሮ ሃርፒንግ" ነው፣ ምቱ ለሂፕ ሆፕ ሰዎች ስለተመቸ። ደስ የሚል ሸክላ ነው። እኔን ብትጠይቁኝ ግን እጇ የሚታየው በ"ሂፕ ሃርፕ" ነው። በ1986 ስታርፍ ከጃዝ ይልቅ የሚያውቋት የስቱዲዮ ሰዎች ነበሩ። ስቲቪ ዎንደር በ1976 ባወጣው ትልቅ አልበም ላይ ሃርፑን የምትጫወተው እሷ ናት።

[ምስል፦ የሸክላ ጀርባ፣ የተጫዋቾች ስም ዝርዝር።]

ቲና ብሩክስን ያስቀረው ሙዚቃው አይደለም፣ መሳቢያ ነው። ወንድ ነው፣ ቴነር ሳክስፎን ተጫዋች፤ ቲና ቅጽል ስሙ ነው። ብሉ ኖት የተባለው ኩባንያ ከ1958 እስከ 1961 በስሙ አራት አልበም የሚሆን ሙዚቃ ቀረጸለት። በሕይወት እያለ የወጣው አንዱ ብቻ ነው፣ በ1960 የተቀረጸው "ትሩ ብሉ"። ሦስቱ የወጡት በ1974 ከሞተ በኋላ ነው። "ቲም ፎር ዶሪስ" የሚለውን ክፈቱ። ትዝታ የሚወድ ሰው የሚያውቀው ዓይነት ሐዘን አለው፣ የማያለቅስ ሐዘን። ጩኸት የለም፣ ከዓረፍተ ነገር ወደ ዓረፍተ ነገር ይሄዳል።

እንዲህ ያሉ ሰዎችን ለማግኘት አንድ ዘዴ አለኝ፦ የሽፋኑን ፊት ተዉት፣ ጀርባውን አንብቡ። በትራምፔት ተጫዋቹ ፍሬዲ ሃባርድ የመጀመሪያ አልበም ላይ ቴነሩን የሚነፋው ብሩክስ ነው። የአልበሙን መጠሪያ ዜማ የደረሰውም እሱ ነው።

ፒያኒስቱ ኸርቢ ኒኮልስም እንዲሁ ነው። ዘፋኟ ቢሊ ሆሊዴይ ግጥም የጻፈችለትን "ሌዲ ሲንግስ ዘ ብሉዝ" ዜማውን የሠራው እሱ ነው። ዘፈኑን ሁሉም ያውቀዋል፣ ሰውየውን ማንም። በ1963 በ44 ዓመቱ አረፈ።

[ምስል፦ የካርቶን ሳጥን፣ ውስጡ ካሴቶች።]

አሁን ደግሞ እኛን ሸክላ ሰብሳቢዎችን ልተች። በኢትዮጵያ ከ1969 እስከ 1978 ድረስ የታተሙት ወደ 500 የሚጠጉ ትንንሽ ሸክላዎችና 30 ገደማ ትልልቆች ናቸው። ከዚያ ካሴት መጣ፣ ሸክላ ቀረ። እኛ ግን ዓይናችን ሸክላ ላይ ተተክሎ ቀረ። ኦርጋን ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ ከዋልያስ ባንድ ጋር የሠራውን የ1977ቱን "ቸ በለው" በውድ ዋጋ እንፈልጋለን። በቀጣዩ ዓመት ከዳህላክ ባንድ ጋር የሠራው "ወደ ሐረር ጉዞ" ካሴት ስለሆነ ብቻ ለዓመታት ዞር ብሎ ያየው አልነበረም። ለእኔ ከሁለቱ የሚበልጠው ይኼኛው ነው፣ ዘና ያለ ነው፣ ኦርጋኑ አይቸኩልም።

ስለዚህ ቤታችሁ የዚያ ዘመን ካሴት ካለ አትጣሉት። እንደኛ ሐይቅ ዳር የምትኖሩ ደግሞ ተጠንቀቁ፣ የክረምቱ እርጥበት ቴፑን ያሻግታል። ከማጫወታችሁ በፊት በእስክሪብቶ ቀስ ብላችሁ አዙሩት። ከተጣበቀ ወይም ነጭ ነገር ካወጣ ማጫወቻ ውስጥ አትክተቱት፣ ሥራውን ለሚያውቅ ሰው ስጡት።