ካሜራውን ለምን አያጠፋውም?

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ የማወራው ስለ «ክሪፕ» ነው፤ በፈረንጆቹ 2014 ፓትሪክ ብራይስና ማርክ ዱፕላስ ስለሠሩት የተከታታይ ነፍሰ ገዳይ ፊልም። መጨረሻውን መናገሬ አይቀርም፣ ያላያችሁት አይታችሁ ተመለሱ።

በስልክ ብቻ የሚሰማ አንድ ድምፅ ሳይቆጠር ፊልሙን የያዙት ሁለት ሰዎች ናቸው። ዳይሬክተሩ ብራይስ ራሱ አሮንን ሆኖ ካሜራውን ይዟል። «ተገኘ» በሚባል ቀረጻ የሚሠራ ፊልም (ባለታሪኩ ራሱ የቀረጸው፣ በኋላ የተገኘ ቪዲዮ መስሎ የሚቀርብ) ሁሉ አንድ ጥያቄ ያንቀዋል፦ ሰውየው እየፈራ ለምን ይቀርጻል? ብዙዎቹ «ማስረጃ ይሆናል» ብለው ያልፋሉ። እዚህ ግን ቀረጻው እንጀራው ነው። አሮን ማስታወቂያ አይቶ ለአንድ ቀን በ1,000 ዶላር የመጣ ካሜራማን ነው፤ ቀጣሪው ጆሴፍ (ዱፕላስ) ደግሞ ሊሞት ስለሆነ ላልተወለደው ልጁ ማስታወሻ እፈልጋለሁ ይለዋል።

ለምን ጥሎት አይሄድም? እኛ ይሄን በአንድ ቃል እንጨርሰዋለን፦ ይሉኝታ። ጆሴፍ ትልቅ ነገር አይጠይቅም። እቀፈኝ፣ ገንዳ ውስጥ ስገባ ቅረጸኝ፣ ትንሽ አብረኸኝ ጠጣ። ሊሞት ነው የተባለን ሰው ማን እምቢ ይላል? የበግ ለምድ የለበሰ ተኩላ እንላለን አይደል፤ ይሄኛው የተኩላ ጭንብሉን አውጥቶ በስሙ ያስተዋውቃል፣ «ፒችፈዝ» ብሎ። ለምዱ ትሕትናው ነው።

እንዲህ ያለ ፊልም ልትሠሩ ካሰባችሁ፣ ርካሽ ይመስላል፤ የሚበላሸው ግን ድምፅ ላይ ነው። ተዋናዩ ከካሜራው 5 ሜትር ርቆ ድምፁ ጆሮ ሥር ከተሰማ ውሸቱ ይነቃል። በካሜራው ማይክ ብቻ ከተቀዳ ደግሞ ንግግሩን ነፋስና የካሜራማኑ ትንፋሽ ይውጡታል። የሚሻለው ደረት ላይ ማይክ ደብቆ መቅዳት፣ ከዚያ ኤዲቲንግ ላይ እንደየርቀቱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የክፍሉን ማስተጋባት መጨመር ነው። ሙዚቃ አታስገቡ፤ «ማን ጨመረው?» ያስብላል።

ብርሃኑ የካሜራው መብራት ብቻ ከሆነ፣ ሰውየው ከ2 ሜትር ወደ 4 ሜትር ሲርቅ የሚደርሰው ብርሃን ሩብ ይሆናል፣ ግማሽ አይደለም። ካሜራው የሚያስገባውን የብርሃን መጠን በራሱ እንዲመርጥ ከተዋችሁት ጨለማውን አብርቶ ግራጫ ያደርገዋል። ቅርብ ያለው ፊት ላይ ለክታችሁ ቆልፉት፤ ከኋላ ያለው ጥቁር ይሁን፣ ፍርሃቱ ያለው እዚያ ነው።

ማንቀጥቀጡንም ቀንሱት። የፊልሙ ከባዱ ትዕይንት ምንም አይነቃነቅም፦ ካሜራው መኪና ውስጥ ቆሟል፣ አሮን ሐይቅ ዳር አግዳሚ ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀምጧል። ጆሴፍ ከኋላ ይመጣል፣ ጭንብሉን ያጠልቃል፣ መጥረቢያውን ያነሳል። ካሜራው አይጠጋም። አሮን አንዴ እንኳ ዞር አይልም።

በኋላ ቀረጻውን ተቀምጦ የሚያየው ጆሴፍ ነው። ማን አገኘው፣ ማን አቀናበረው የሚለው ጥያቄ እዚያው ያልቃል። አሮን ያልዞረው ጥሩ ሰው ስለመሰልኩት ነው ይላል፤ ቀረጻውንም ስም ከተጻፈባቸው ሌሎች ጋር ቁምሳጥን ውስጥ ያኖረዋል። ስልክ ላይ ደግሞ በሌላ ስም ከሚቀጥለው ሰው ጋር እያወራ ነው።