ሞተሩ ከተሳፋሪ ጎን ሲሆን፦ በቅጥቅጥ መኪና ላይ ስለሚነሳ የሞተር እሳት

የተከበራችሁ ሹፌሮች፣ ረዳቶች፣ የመኪና ባለንብረቶች፣ ቦዲ ሠሪዎችና የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያዎች፤ እንደምን ዋላችሁ።

ዛሬ ደብረ ብርሃን ላይ የተሰባሰብነው ስለ አንድ ጉዳይ ብቻ ለመነጋገር ነው። ለጭነት ተሠርቶ የመጣ መኪና እዚህ ከተቀየረ በኋላ ሞተሩ ላይ እሳት ቢነሳ ምን ይደረጋል? እንዳይነሳስ ምን ይደረጋል? ሁላችንም የምናውቀው ቅጥቅጥ አይሱዙን፣ ማለትም ለተሳፋሪ ቦዲ የተቀጠቀጠለትን የጭነት አይሱዙ፣ ስለሆነ በእሱ እንሂድ። ተጨማሪ ሳልባትዮ (የነዳጅ ታንክ) የተገጠመለት ወይም መብራት የተደረደረበት የጭነት መኪና የሚያሽከረክርም የሚበዛውን ለራሱ ሊወስደው ይችላል።

ከመኪናው ጋር የሚመጣው የፋብሪካ መመሪያ መጽሐፍ የሚያወራው ስለ ሌላ መኪና ነው። ከፋብሪካ የወጣው የጭነት አይሱዙ ጋቢናው ወደፊት ይገለበጣል፤ ሞተሩም ከጋቢናው ስር፣ ከሰው ተለይቶ ይቀመጣል። ቦዲ ሲቀጠቀጥለት ግን ጋቢናው ይቆረጥና ሞተሩ ከሹፌሩ ጎን በላሜራ ክዳን ስር ይቀራል። ክዳኑ እንዳያግልና እንዳይጮህ በስፖንጅ ይለበጣል፤ ከላይ ምንጣፍ ይነጠፍበታል፤ ትርፍ ሰው ሲኖርም ወንበር ይሆናል። ስለዚህ እሳቱ ሲነሳ ጭሱ መጀመሪያ የሚገባው ሰው ወዳለበት ነው። ስፖንጁና የወንበሩ ፎም ሲነድ የሚወጣው ጭስ ደግሞ መርዝ ነው፤ ነበልባሉ ከመድረሱ በፊት ሰው ይጥላል።

አሁን ስለ መንገዳችን። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር አካባቢ ናት፤ ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ሰውና ዕቃ ሞልቶ በደብረ ሲና በኩል ያንን ዳገት በዝቅተኛ ማርሽ የሚወጣ ሞተር ነዳጅ በብዛት ይረጫል፤ አየሩ ግን እየሳሳ ስለሚሄድ ነዳጁ በደንብ አይቃጠልም፤ ጭሱ ይጠቁራል፤ የጭስ ማውጫው ሙቀትም ይንራል። ውኃ እዚህ ደብረ ብርሃን ላይ በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የራዲያተር ክዳን ግፊት ካልያዘ ሞተሩ ገና ደህና ነው በምትሉበት ሙቀት ውኃው ፈልቶ ያልቃል ማለት ነው። በዳገት ጊዜ የጭስ ማውጫው ብረት ከ500 ዲግሪ በላይ ሊደርስ ይችላል። ናፍጣ በአየር ላይ ያለ ክብሪት ለመቀጣጠል ከ210 እስከ 250 ዲግሪ ይበቃዋል። የሞተር ዘይትና የፍሬን ዘይትም እዚያ ብረት ላይ ከተንጠባጠቡ ይነዳሉ። «ናፍጣ እንደ ቤንዚን አይደለም፣ ክብሪት ቢጥሉበትም ይጠፋል» የሚለው ወሬ በብርድ መሬት ላይ ለፈሰሰ ናፍጣ ሊሠራ ይችላል፤ ነዳጅ ወደ ሞተሩ ከሚረጨው ከኢንጄክተር ቧንቧ ስንጥቅ እንደ ጉም ለሚረጭ ናፍጣ ግን አይሠራም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ዳገቱን ጨርሶ ጣርማ በር ላይ ቆሞ ወዲያው የሚጠፋ ሞተር ከመቆሙ በፊት ከነበረው ይልቅ ከቆመ በኋላ ለጥቂት ደቂቃ ይበልጥ ይግላል፤ ፋኑ ቆሟል፣ ውኃው አይዞርም፣ ንፋስ አይገባም። ሰው ሻይ ሊጠጣ ወርዶ ጭስ የሚታየው ለዚህ ነው። ከማጥፋታችሁ በፊት ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ በዝቅተኛ ዙር አስነስታችሁ አቆዩት። ቱርቦ ላለው ሞተር ደግሞ ይህ ግዴታ ነው።

እሳቱ የሚነሳው በብዛት ፋብሪካ ከሠራው ሳይሆን እኛ ከጨመርነው ነው። ከሽቦው እንጀምር። አራት ተጨማሪ መብራት፣ እያንዳንዱ 70 ዋት ቢሆን፣ 280 ዋት ነው። ለ24 ቮልት ስታካፍሉት 12 አምፔር ይጠጋል። ለዚህ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ፣ 15 አምፔር ፊውዝና ሪሌ ይበቃል። እኛ ግን የምናየው ለድምፅ ማጉያ የሚሆን ቀጭን ሽቦ፣ በናስትሮ የተጠቀለለ መገጣጠሚያና በፊውዝ ፋንታ የገባ የሲጋራ ወረቀት ነው። ፊውዝ ሲቃጠል እየነገራችሁ ያለው ነገር አለ፤ አፉን በሚስማር ብትዘጉት በሚቀጥለው የሚቃጠለው ሽቦው ነው። ፊውዙ የሚቀመጥበት ቦታም ወሳኝ ነው፤ ከባትሪው ከአንድ ስንዝር መራቅ የለበትም። ከባትሪ እስከ ፊውዝ ያለው ሽቦ ጠባቂ የለውም፤ ሻንሲ ላይ ተፍቆ ቢነካ ቀልጦ እስኪበጠስ ድረስ ይነዳል። ሽቦ ላሜራ ሰንጥቆ በሚያልፍበት ቀዳዳ ሁሉ ጎሚኒ (የጎማ ቀለበት) ይግባ።

ቴፕና ቻርጀር ከአንደኛው ባትሪ ላይ 12 ቮልት ስቦ ማሠራትም ልማድ ሆኗል። ዲናሞው ሁለቱን ባትሪዎች እኩል የሚሞላቸው መስሎት ይሠራል፤ አንደኛው ግን ሁልጊዜ የጎደለ፣ ሌላኛው ከልኩ በላይ የተሞላ ይሆናል። ከልኩ ያለፈው ይፈላል፤ የሚወጣው ጋዝም በአንዲት ብልጭታ ይፈነዳል። ከ24 ወደ 12 የሚቀንስ መለወጫ አስገጥሙ።

ወደ ነዳጁ ስንመጣ፣ ከኢንጄክተሮች ወደ ሳልባትዮ የሚመልሰው ቀጭን ቱቦ ሲያረጅ በግልጽ ፕላስቲክ ይተካል። ያ ፕላስቲክ በሙቀትና በናፍጣ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ለነዳጅ የተሠራ ጎማ ቱቦ በልኩ ፋሸታ (የቱቦ ማጥበቂያ ቀለበት) አስራችሁ ግጠሙ፤ ሽቦ ጠምዝዞ ማሰር ቱቦውን ይቆርጠዋል። ተጨማሪ ሳልባትዮ ከማርሚታው (ከጭስ ማውጫው ድምፅ ማፈኛ) ጎን አይታሰር፤ ቦታ ከሌለ በመሐከሉ ሙቀት መከላከያ ላሜራ ይግባ። ክዳኑ ጠፍቶ ጨርቅ የተወተፈበት ሳልባትዮ ዳገት ላይ ወደኋላ እየፈሰሰ ነው የሚሄደው። ጭስ ማውጫው ላይ የነበረውን የፋብሪካ መከላከያ ላሜራ «ይንኳኳል» ብሎ ያወለቀ ሰው ካለ ነገ መልሶ ይሰረው። ሞተር ላይ የተረሳ የጋራዥ ጨርቅና ከጭነት የረገፈ ጭድም ሲረሳ ይነዳል፤ በሳምንት አንዴ ክዳኑን ከፍታችሁ አጽዱ።

ማስተካከል ያለባችሁ ሁለት ነገሮች ብዙ ወጪ የላቸውም፤ እነሱን ግን አጥብቀን እንጠይቃለን። አንደኛው የባትሪ ማቋረጫ ነው። ከቦዲው ውጭ፣ ክዳን ሳይከፈት በእጅ በሚደረስበት ቦታ ይሁን። ሁለተኛው የእሳት ማጥፊያው አፍ የሚገባበት ቀዳዳ ነው። የሞተሩ ክዳን ጎን ላይ፣ ረዳቱ ቆሞ በሚደርስበት በኩል፣ ሦስት ሳንቲ ሜትር የሚሆን ቀዳዳ ብሱና በጎማ ቡሽ ድፈኑት፤ ቡሹ በማጥፊያው አፍ ሲገፋ ወደ ውስጥ እንዲገባ ይሁን። ምክንያቱ ቀላል ነው። ክዳን ስር ያለ እሳት አየር አጥሮታል። ክዳኑን ብድግ ስታደርጉት አየር ይገባና ነበልባሉ ፊታችሁ ላይ ይነሳል፤ ዱቄቱም ወደ ጣሪያ ይበተናል። ቀዳዳ ካለ ክዳኑ እንደተዘጋ ዱቄቱ ሞተሩን ያለብሰዋል።

ማጥፊያው ራሱ ባለ 6 ኪሎ የደረቅ ዱቄት ይሁን፤ ለዕቃና ለናፍጣ ለሁለቱም የሚሆነውን ምረጡ። ባለ 1 ኪሎዋ ጣሳ ለቁጥጥር ማሳያ ካልሆነች ለዚህ ሥራ አትሆንም። ባለ 6 ኪሎው ያለማቋረጥ ከተጫነ ከ15 እስከ 20 ሰከንድ ነው የሚቆየው፤ ስለዚህ በአጭር በአጭሩ ይተኮሳል። በኮረኮንች መንገድ ሲናጥ ዱቄቱ ከታች ይጋገራል፤ መርፌው አረንጓዴ ላይ ቆሞም ንፋስ ብቻ ሊወጣ ይችላል። በወር አንዴ ገልብጣችሁ ነቅንቁት፤ ዱቄቱ ሲንሸራተት በእጃችሁ ይሰማችኋል። ቦታው ከሞተሩ ክዳን ራቅ ብሎ በሩ ጋ ይሁን። ከሹፌሩ ወንበር ስር በሰንሰለት የታሰረ ማጥፊያ ለትራፊክ ፖሊስ እንጂ ለእሳት አልተዘጋጀም።

አሁን ጭስ ታየ እንበል። መጀመሪያ ለዩት። እንፋሎት ነጭ ነው፤ ወዲያው ይበተናል፤ መስታወት ላይ እርጥበት ይተዋል። ሰማያዊ ጢስ ዘይት ነው። የተቃጠለ ፕላስቲክ ከሸተተ ሽቦ ነው። ቁልቁለት ላይ የሚያንቅ ሽታ ከጎማ በኩል ከመጣ ደግሞ ምናልባት ፍሬን ነው፤ እሱም ጎማ ካቀጣጠለ ያው እሳት ነው። የቱ እንደሆነ ካልለየላችሁ እንደ እሳት ቁጠሩት።

ጭሱን ጣርማ በር ዋሻ ሳትገቡ ካያችሁት አትግቡ። ያ ጣሊያን የቆፈረው ዋሻ ከግማሽ ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ ጭስ ከሞላበት የሌላ መኪና ተሳፋሪም ያልቃል። ውስጥ ከሆናችሁና መኪናው ከተንቀሳቀሰ ግን ሳትቆሙ ውጡ።

ውጭ ላይ ነዳጅ ከመስጠት እግራችሁን አንሱ፤ ቀኝ ያዙ፤ ከነዳጅ ማደያ፣ ከቤትና ከደረቅ ሣር ራቁ። ንፋሱ ከመኪናው ጀርባ ቢመጣ ጭሱን ከሰው ወደፊት ይገፋዋል፤ ምርጫ ካላችሁ እንዲያ አቁሙ። እጅ ፍሬን ሳቡ፣ ቁልፉን ዝጉ። ሞተሩ አልጠፋም ካለ፣ የሞተር ማጥፊያው ሽቦ ወይም ካቦ ተቃጥሎ ይሆናልና፣ ፍሬኑን ረግጣችሁ ከፍተኛውን ማርሽ አስገቡና ፍሪሲዮኑን ባንዴ ልቀቁት፤ ታንቆ ይጠፋል። ከዚያ አንደኛ ማርሽ ላይ ተዉት።

ከዚህ በኋላ ሥራው ይከፈላል። ሹፌሩ ሰው ያወርዳል፤ ረዳቱ ወደ መኪናው ይሄዳል። ሁለቱም ማጥፊያ ሊያነሱ ቢሮጡ ሰው የሚያወርድ ይጠፋል። በሩ ከሞተሩ አጠገብ ከሆነ ከኋላ ያሉት በኋላ መውጫ ወይም በመስኮት ይውጡ፤ ለመስኮቱ መዶሻ ይኑር። ዕቃ ከላይ ይውረድልኝ የሚል አይጠፋም፤ አይወርድም። ተሳፋሪው በዳገቱ በኩል፣ ቢያንስ 50 ሜትር ርቆ ይቁም። በቁልቁለቱ በኩል የፈሰሰ ናፍጣ እየነደደ ይወርዳል፣ መኪናውም ሊሄድ ይችላል።

የረዳቱ ቅደም ተከተል ታኮ፣ ባትሪ፣ ማጥፊያ ነው። ታኮው በቁልቁለቱ በኩል በኋላ ጎማዎች ስር ይገባል። የእጅ ፍሬኑን ብቻ አትመኑ። ማቋረጫው ሲዘጋ ሽቦው መንደዱን ያቆማል፤ ሞተሪኖውም (የሞተር ማስነሻው) ይሞታል። ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም፦ የሞተሪኖው ሽቦ በእሳት ተልጦ ከተነካካ ማርሽ ላይ ያለ መኪና ሹፌር ሳይኖርበት እየጎተተ ይሄዳል። ስለዚህ ማንም ከፊቱ አይቁም። ማቋረጫ ከሌለና ባትሪው ጋ እሳት ከሌለ የነጌቲቩን ራስ ቀድማችሁ ፍቱ።

ማጥፊያውን ስትጠቀሙ ንፋሱን ለጀርባችሁ ስጡት። ፒኑን ንቀሉ፣ አፉን ወደ ቀዳዳው አስገቡና ሁለት ሦስት ሰከንድ ተኩሱ፣ ጠብቁ፣ ድገሙ። ቀዳዳ ካልበሳችሁ ከመኪናው ስር ወደ ላይ ወይም ከፊት በራዲያተሩ ፍርግርግ በኩል ተኩሱ። ውኃ ናፍጣና ዘይት ላይ አይደፋም፤ እሳቱን ይዞ ይሄዳል። ወንበርና ጭድ ከያዘው ግን ባትሪው ከተቋረጠ በኋላ ውኃ ከዱቄት ይሻላል። መሬት ላይ የፈሰሰ ናፍጣ በአፈር ይሸፈናል።

ነበልባሉ ሲጠፋ ክዳኑን ለመክፈት አትቸኩሉ። ዱቄት እሳት ያጠፋል እንጂ ብረት አያቀዘቅዝም፤ ብረቱ ገና ናፍጣ የሚያቀጣጥል ሙቀት ላይ ነው። ቢያንስ ሩብ ሰዓት ጠብቁ፤ የእጃችሁን ጀርባ ወደ ክዳኑ አስጠግታችሁ ሞክሩ፤ የቀረውን ዱቄት ይዛችሁ በጥቂቱ ግለጡት። አንድ ማጥፊያ አልቆ እሳቱ አሁንም ካለ፣ ወይም ወለሉን ሰንጥቆ ወደ ወንበር ከወጣ፣ ወይም ጎማ ወይም ሳልባትዮ ከያዘ፣ ተዉት። ጎማ ይፈነዳል፤ የአየር ታንከርም ይፈነዳል። የከተማው እሳት አደጋ እስኪደርስ መኪናው ያልቃል፤ ይደወልለት እንጂ አይጠበቅ።

ልብሱ የተያያዘ ሰው እንዳይሮጥ አድርጉ፤ መሬት አስተኙትና አንከባሉት። በጋቢ ወይም በመንዝ የሱፍ ዝተት ሸፍኑት፤ ሱፍ ቶሎ አይነድም። ናይለን ጃኬት ግን ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። የተቃጠለውን ቦታ ለ20 ደቂቃ ያህል በቀዝቃዛ ንጹሕ ውኃ እያፈሰሳችሁ አቀዝቅዙ። ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ጭቃ አትቀቡ። ጭስ የዋጠ ሰው ደህና ነኝ ቢልም ሐኪም ይየው።

መኪናው ከተረፈ በዚያው ቀን ለማስነሳት አትሞክሩ። የጠቆረ ሽቦ በናስትሮ አይጠገንም፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይቀየራል። ዱቄቱ እርጥበት ሲያገኝ ብረት ይበላልና በአየር ግፊት ይነፋ፤ የአየር ማጣሪያው ይቀየር፤ ዘይቱም አብሮ ይለወጥ። የፍሬን ቱቦዎች ሙቀት ካገኛቸው ደህና ቢመስሉም ይወጣሉ።

አሁን ወደ ግቢው እንውጣ። ሁለት ቅጥቅጥ ቆመዋል፤ አንዱ ቀዳዳና ማቋረጫ ተሠርቶለታል፣ ሌላው እንደ ነበረ ነው። ረዳቶች ከፊት ሁኑ፤ ታኮና ማጥፊያ በየተራ ትይዛላችሁ። ቦዲ ሠሪዎች ደግሞ ሜትር ይዛችሁ ኑ፤ ቀዳዳው የት እንደሚበሳ እዚያው እንለካለን።