መስታወት የሚያስቀረው ፀሐይ፦ ለቤት ወፎች የአልትራቫዮሌት መብራት

[ምስል፦ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ። በተዘጋ መስኮት አጠገብ በሽቦ ቤት ውስጥ ያለች አረንጓዴ በቀቀን።]

ይህች በቀቀን ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ ላይ ናት፤ ሆኖም የሚያስፈልጋትን ጨረር አላገኘችም። የመስኮት መስታወት ብርሃኑንና ሙቀቱን ቢያሳልፍም፣ ሰውነቷ ቫይታሚን ዲ እንዲሠራ የሚረዳውን ከ280 እስከ 315 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለውን ዩቪ ቢ የተባለ የአልትራቫዮሌት ጨረር ከሞላ ጎደል ያስቀረዋል። ቫይታሚኑ ሲያንሳት ካልሲየም ከምግቧ በአግባቡ መውሰድ ስለማትችል አጥንቷ ይሳሳል፣ የእንቁላሏም ቅርፊት ይለሰልሳል፤ የሱፍ ፍሬ ብቻ የምትመገብ ከሆነ ጉዳቱ ይከፋል።

አምፖል ፍለጋ ከመውጣት በፊት ግን በረንዳውን ማሰብ ይገባል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች፣ ለምድር ወገብም የቀረበች ከተማ በመሆኗ ፀሐይዋ ብርቱ ናት። ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ የሽቦ ቤቱን ግማሽ በጨርቅ ጋርዶ ለጥቂት ጊዜ ማውጣት፣ ወፏ ሲሞቃት ወደ ጥላው እንድትጠጋ ያስችላታል። ከአጠገቧ ሰው አይጥፋ፤ ጫጩት መንጠቅ የለመደ ጭላት በቀቀንንም አይምርም።

መብራት በዋናነት የሚያስፈልገው ክረምት ገብቶ ደመናው አልገለጥ ሲል፣ ወይም ቤቱ በረንዳ ሳይኖረው ሲቀር ነው።

[ምስል፦ ርቀት በሜትር የሚለካ እጅ።]

ለወፍ ተብሎ የተሠራውን አምፖል ከሽቦ ቤቱ በላይ ይስቀሉ፤ አምራቹ የተለየ ርቀት ካልጻፈ፣ ወፏ ከምትቆምበት ከፍተኛው እንጨት ከ30 እስከ 45 ሳንቲሜትር ያርቁት። ከጎን የሚመጣ ጨረር በቀጥታ ዐይኗ ውስጥ ስለሚገባ ይጎዳታል። ለበረሃ እንሽላሊት የተሠራው አምፖል ከመጠን በላይ ሊበረታባት ይችላል። ጀርም ለመግደል የሚያገለግለው የ254 ናኖሜትር መብራት ደግሞ የእርስዎንም ዐይን ስለሚያቃጥል፣ ርካሽ ቢሆንም ወፍ ወዳለችበት ክፍል አይግባ።

አሮጌው ባላስት (ወደ አምፖሉ የሚሄደውን ኤሌክትሪክ የሚቆጣጠረው ክፍል) ያለው ሸምበቆ መብራት በእኛ የ50 ኸርዝ ኤሌክትሪክ በሰከንድ 100 ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላል፤ እኛ ባናስተውለውም ወፍ ልታስተውለው ስለምትችል ኤሌክትሮኒክ ባላስት ይምረጡ። ደግሞም አምፖሉ እየበራ ጨረሩ ሊያልቅ ስለሚችል፣ የገጠሙበትን ቀን ታችኛው ክፍሉ ላይ በማርከር ይጻፉና አምራቹ ባስቀመጠው ጊዜ ይቀይሩት።

ወፏ አንድ ዐይኗን ጨፍና እንጨቱ ላይ ስታሸው ካዩ፣ መብራቱን ወዲያው ያጥፉና የእንስሳት ሐኪም ያሳዩ።