«አንቺ ብቻ ቁጭ በይ»፦ በአክብሮት የሚመጣ ብቸኝነት

ሄለን፦ ጤና ይስጥልን አድማጮቻችን። ዛሬ የምናወራው ስለ አዛውንቶች ብቸኝነትና ድባቴ ነው። ዮናስ ቀረጻ ሳንጀምር የነገረኝ ነገር አለ። እስቲ እዚህም ድገመው።

ዮናስ፦ ንስሐ አስገባሽኝ እኮ! እሺ። እናቴ ከልደታ ተነስታ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ገብታለች። ሦስተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለም። ዕድሯ ግን የድሮው ሰፈር ነው። በየወሩ ሁለት ታክሲ ይዛ ሄዳ ትከፍል ነበር። አሳዘነችኝ። «እማዬ፣ ምን ያንከራትትሻል? እኔ በስልክ እልክልሻለሁ» አልኳት። ገንዘብ ያዡም ተስማማ፣ ነገሩ በአንድ ደቂቃ አለቀ።

ሄለን፦ ጎበዝ ልጅ!

ዮናስ፦ እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር። ከሦስት አራት ወር በኋላ እህቴ ደወለችና «እማዬ ነጠላዋን አጣፍታ ከቤት ከወጣች ስንት ጊዜዋ ነው?» አለችኝ። ዝም አልኩ። ለካ ዕድሩ ብር መክፈል ብቻ አልነበረም። እዚያ ስትደርስ ማን ታመመ፣ ማን ወለደ፣ የማን ልጅ ተመረቀች ይወራል። ቡና ይፈላል። ትከራከራለች፣ ትቆጣለች፣ ትስቃለች። እኔ መንገዱን ላቀልላት ብዬ ሰዎቹን ነጠቅኳት።

ሄለን፦ ይሄ የብዙዎቻችን ጥፋት ነው። አከበርናቸው ብለን ሥራ እናስፈታቸዋለን። «አንቺ ብቻ ቁጭ በይ፣ እኔ አጥበዋለሁ።» «አባባ፣ ገበያ ድረስ ምን ያለፋዎታል?» በፍቅር ነው የምንለው። ግን ሰውየው ቀኑን ሙሉ ከቴሌቪዥኑ ጋር ተፋጦ ይውላል። የመንግሥት ሠራተኛ በ60 ዓመቱ ጡረታ ይወጣል አይደል? ሠላሳ ዓመት ሙሉ ፊርማው ሲፈለግ የኖረ ሰው፣ በማግስቱ ጠዋት ማንም አይፈልገውም። በዚህ በኩል ወንዶቹ የባሰ የሚጎዱ ይመስለኛል።

ዮናስ፦ ሴቶቹ ቢያንስ ቡና አላቸው። ወንዶቹም ዳማ አላቸው፣ ጥላና ወንበር ከተገኘ።

ሄለን፦ ስለ ወንበር ካነሳህ፣ የሐራሬን ታሪክ ልንገርህ። ዲክሰን ቺባንዳ የሚባል የዚምባብዌ የአእምሮ ሐኪም አለ። በአገሩ የአእምሮ ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። በ2006፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ ምባሬ በሚባል ሰፈር 14 አያቶችን አሠለጠነ። ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ የእንጨት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው የተጨነቀ ሰው ያዋያሉ። እስከ ስድስት ጊዜ ይገናኛሉ። ከችግሮቹ አንዱን መርጠው «እስቲ በዚህ እንጀምር» ይባባላሉ።

ዮናስ፦ የእኛ ሽማግሌዎች እንደሚያደርጉት በይኛ።

ሄለን፦ ልክ ነህ። ድባቴ የሚል ቃል እንኳ አይጠቀሙም። በሾና ቋንቋ «ኩፉንጊሲሳ» ይሉታል፣ ሐሳብ ማብዛት ማለት ነው።

ዮናስ፦ «ሐሳብ በዛብኝ» እኮ ነው! እናቴ ቃል በቃል እንደዚያ ነው የምትለው።

ሄለን፦ በዚሁ ሥራ ላይ በ2016፣ አሁንም በፈረንጆቹ፣ የወጣ ጥናት አለ። 573 ሰዎች ተሳትፈውበታል። ከስድስት ወር በኋላ የድባቴ ምልክት ያለባቸው፣ በተለመደው ሕክምና ከታዩት ግማሽ ያህሉ ነበሩ። ከአያቶቹ ጋር ከተቀመጡት ግን 14 በመቶ ገደማ ብቻ። እኔን የነካኝ ግን ሌላ ነው። ከውይይቱ በኋላ ሴቶቹ በቡድን እየተሰበሰቡ ከፕላስቲክ ቦርሳ ይሠራሉ። እጅ ይሠራል፣ አፍ ያወራል። አያቴ ለጋቢ ጥጥ ስትፈትል እንደዚያ ነበረች። እንዝርቷን ስታሾር ጎረቤቱ ሁሉ ጉዱን ይዘከዝክላት ነበር።

ዮናስ፦ አሁን ግን ጋቢውን ከሱቅ ነው የምንገዛላት።

ሄለን፦ እሱን ተወው!

ዮናስ፦ አንድ የሚያስጨንቀኝ ነገር አለ። አዛውንቶች «ምነው ፈጣሪ በጠራኝ» ይላሉ። ለምደነዋል፣ «ኧረ ዕድሜ ይስጥሽ» ብለን እናልፋለን። መቼ ነው መደንገጥ ያለብን?

ሄለን፦ ከሌላው ነገር ጋር አያይዘህ እየው። እንቅልፍ ከራቃት፣ ምግብ ካስጠላት፣ ትወደው የነበረውን ነገር ከተወች፣ ቅዳሴም ሆነ የሰፈር ለቅሶ ከቀረባት፣ ይሄ ደግሞ ሁለት ሳምንት ካለፈው፣ እርጅና ነው ብሎ ማለፍ የለም። ድባቴ የእርጅና ግዴታ አይደለም፣ የሚታከም ሕመም ነው። ብዙ ጊዜ «ከፍቶኛል» ብለውም አይመጡም። ወገቤን፣ ራሴን፣ ሆዴን ነው የሚሉት። ምርመራው ሁሉ ደህና ይላል፣ እኛ ደግሞ ሌላ ክሊኒክ እንሞክራለን። ስለዚህ ጤና ጣቢያ ስትሄዱ «እንዴት ትተኛለች፣ ምን ትበላለች፣ ከማን ጋር ትውላለች» የሚለውንም ንገሩ። የምትወስደውን መድኃኒት ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ። ራሷን ስለ መጉዳት ካወራች ግን ነገ አይባልም፣ ያኔውኑ ነው።

ዮናስ፦ የጆሮውንም ንገሪያቸው።

ሄለን፦ አዎ! ይሄ በጣም ይናቃል። ጆሮ ሲደክም ሰው ጨዋታ ይሸሻል። ሦስቴ «ምን አልክ?» ካለ በኋላ ያፍራል፣ ዝም ይላል፣ ጥግ ይይዛል። እኛ «አኮረፈ» እንላለን። አንዳንዴ የጆሮ ኩክ ብቻ ነው፣ ጤና ተቋም ሄዶ ይጠረጋል። ዓይንም እንደዚሁ። ሞራ የጋረደው ሰው ደረጃ ይፈራል። ያን ጊዜ ሦስተኛ ፎቅ እስር ቤት ሆነ ማለት ነው።

ዮናስ፦ ውጭ አገር ያሉ አድማጮቻችንም ይሄ ይመለከታችኋል። የልጅ ልጅ ለማሳደግ አሜሪካ የሚሄዱ እናቶች አሉ። መኪና አይነዱም፣ ቋንቋው አይገባቸውም፣ ክረምቱ ያስፈራል። ቤቱ ሞቃት ነው፣ ፍሪጁ ሙሉ ነው፣ ቀኑ ግን አይመሽም።

ሄለን፦ ለእነሱ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ወይም ዓርብ መስጊድ የሚያደርስ ሰው ማግኘት ከመድኃኒት አይተናነስም። በቪዲዮ ስትደውሉም «ደህና ነሽ? ደህና ነሽ?» ብቻ አይሁን። «ሽሮው ቀጠነብኝ፣ ምን ላድርግ?» በሏት። ምክር የሚጠየቅ ሰው ድምፁ ራሱ ይቀየራል።

ዮናስ፦ እንቅስቃሴውስ?

ሄለን፦ የዓለም ጤና ድርጅት ከ65 በላይ ለሆኑት በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ይላል። ሰዓት መያዝ አያስፈልግም። ጠዋት ፀሐይ ላይ ወጥቶ ጉልት ድረስ ደርሶ መመለስ በቂ ጅምር ነው። ቲማቲሙን እሷ ትምረጥ፣ ዋጋውንም እሷ ትከራከር።

ዮናስ፦ እናቴ ቲማቲም ልግዛ ብላ ባለጉልቷን አስለቅሳ ነው የምትመለሰው።

ሄለን፦ ታዲያ ዕድሩ እንዴት ሆነ?

ዮናስ፦ መላኩን አቆምኩ። «ገንዘብ ያዡ በስልክ አንቀበልም አለ» ብዬ ዋሸኋት።

ሄለን፦ ጥሩ ውሸት ነው።

ዮናስ፦ መጀመሪያ አጉረመረመች፣ «ጉልበቴን ሊጨርሱት ነው» እያለች። ደረጃውን እኔ ደግፌ አወርዳታለሁ፣ ከዚያ በኋላ ራሷ ታውቃለች። ባለፈው እሑድ ቆየችብኝና ደወልኩ። አነሳችና «ስብሰባ ላይ ነኝ» ብላ ጆሮዬ ላይ ዘጋችብኝ።