ድንጋዩን ሳትነኩ አትፈርሙ

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣

መርሐ ግብሩ «የዲዲሞስፌኒያ ባሕርይና መኖሪያ» ይላል፤ የወንዝ ድንጋይ ላይ የሚበቅለው ጥቃቅን ዋቅላሚ (አልጌ) ማለት ነው። እሱንም እናገራለሁ፤ የመጣሁት ግን ተናድጄ ነው።

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ከግድብ በታች ያለ ወንዝ እንድናይ ተላክን። ውኃው ኩልል ያለ፣ ጣት የሚያደነዝዝ። ድንጋዩን ሁሉ ግን ቡናማ ነገር ለብሶታል፤ ጫፉ ነጥቶ እንደ ራሰ የሽንት ቤት ወረቀት ይወዛወዛል። አለቃዬ ከመኪና ሳይወርድ «ፍሳሽ ገብቶበታል፣ ጻፍ» አለኝ። አዲስ ነኝና ጻፍኩ፣ ፈረምኩም። ከዚያ ጎንበስ ብዬ አንዱን ድንጋይ አነሳሁ። ያሟልጨኛል ስል የራሰ ሱፍ የያዝኩ መሰለኝ! ሪፖርቱ ግን ሄዷል።

ድንጋዩን የለበሰው ዲዲሞስፌኒያ ነበር። አንዱን ሴል በማይክሮስኮፕ ሳየው ወገቡ ገባ ያለ ጠርሙስ ነው፤ አንዱ ራሱ ከሌላው የሚተልቅ የሲሊካ ቅርፊት። ከ100 ማይክሮሜትር የሚያልፍ አለው፤ ለዳያተም፣ ማለትም የሲሊካ ቅርፊት ላለው ባለ አንድ ሴል ዋቅላሚ፣ ይኼ ግዙፍ ነው። በቀጭኑ ጫፍ ባሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች የሚያወጣው ሙጫ አገዳ ሆኖ ከድንጋዩ ጋር ያስረዋል። ሴሉ ለሁለት ሲከፈል አገዳውም ይመነታል። ያ ሱፍ የመሰለኝ አብዛኛው አገዳ ነው።

አሁን ወደ ንዴቴ። ዲዲሞስፌኒያ ጀሚናታን እንዲህ የሚያወፍረው ፍሳሽ ይዞት የሚመጣው የፎስፈረስ መብዛት አይደለም፤ ማነሱ ነው! ፎስፈረስ ሲያጥረው መከፈሉን ይቀንሳል፤ ፀሐይ ግን አለችና ስኳር መሥራቱን አይተውም፣ የተረፈውን አገዳ ያደርገዋል። ታዲያ ከመኪና ሳይወርዱ «የቆሸሸ ውኃ» ብሎ መፈረም ምን የሚሉት ሙያ ነው? ቅጻችን ላይስ እስከ ዛሬ «ዋቅላሚ፦ አለ/የለም» ብቻ? ማን ነው ያጸደቀው?

ጉዳት የለውም አላልኩም። እ.ኤ.አ. በ2004 ኒውዚላንድ ደቡብ ደሴት ከተገኘ በኋላ አገሪቱ ሴሉን ከወንዝ ወንዝ እንዳያጓጉዝ ውኃ የሚመጥ የሱፍ ሶል ያለውን የዓሣ አጥማጆች ጫማ እስከ መከልከል ደርሳለች።

መኖሪያውን በአጭሩ፦ ቀዝቃዛ፣ ጥልቀት የሌለው፣ ፀሐይ የሚያገኝ ድንጋያማ ወንዝ፤ በተለይ የሐይቅ መውጫና ፍሰቱ የማይዋዥቅ የግድብ ግርጌ። ድንጋይ የሚያንከባልል ጎርፍ ይጠርገዋል። በባይካል ሐይቅም ዘመዶች አሉት።

የዚያ ሪፖርት ቅጂ በር ላይ ተለጥፏል፤ ከሥሩ አልኮል ውስጥ ያቆየሁት ቁራጭ አለ። አትፍሩ፣ ሞቷል። ስትወጡ ዳስሱት።