ምንጣፉ ተፈትኗል፤ ክፍሉስ?

በአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፣ በቤታቸው ሕፃናት ለሚጠብቁ ወገኖች የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ እንደምን አመሻችሁ። ቡናው እስኪፈላ የተሰጠኝ ጊዜ አጭር ነው፤ በቀጥታ ልግባ።

ባለፈው ጥር ታናሽ እህቴ ደውላ «አንቺ የአየር ነገር ሥራሽ ነው፤ ነይና አሽትቺልኝ» አለችኝ። እንደ ብዙዎቻችሁ ምድር ቤቷን አስተካክላ ሕፃናት ትጠብቃለች። አዲስ ምንጣፍ ካስነጠፈች አራተኛ ቀኗ ነበር። ደረጃውን ስወርድ ጉሮሮዬን ያዘኝ። ብርድ እንዳይገባ መስኮቱ በፕላስቲክ ታሽጓል። ጥግ ላይ ደግሞ ሽታውን ያጠፋልኛል ብላ ዕጣን ታጨሳለች። «ሻጩ አረንጓዴ ምልክት ያለው ነው ብሎኛል» አለችና ወረቀቱን አሳየችኝ፤ ምንጣፉ ወደ አየር የሚለቀው ኬሚካል ተፈትኖ አነስተኛ ሆኖ መገኘቱን የሚናገር ምልክት ነው። ምልክቱ እውነተኛ ነው፤ ሻጩም አልዋሸም። ታዲያ ክፍሉ ለምን እንደዚያ ሸተተ?

ነገሩ የሚጀምረው ከዚህ ብዙም ሳይርቅ፣ ከፖቶማክ ማዶ ነው። ዛሬ የዋተርፍሮንት ሜትሮ ጣቢያ ባለበት ሰፈር ዋተርሳይድ ሞል የሚባል ሕንፃ ነበር፤ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ዋና መሥሪያ ቤት። እ.ኤ.አ. በ1987 እና በ1988 አዲስ ምንጣፍ ሲነጠፍ ሠራተኞቹን ዓይናቸውን ያቃጥላቸው፣ ራሳቸውን ያዞራቸው፣ ትንፋሽ ያጥራቸው ጀመር። ወደ ሕንፃው መመለስ ያቃታቸውም ነበሩ። የአገሩን አየር እንዲጠብቅ የተቋቋመ መሥሪያ ቤት ምንጣፍ ሲያስነጥፍ ታመመ፤ እኛ አገር ቢሆን ስንት ቀልድ በወጣለት! ጥፋቱ የምንጣፉ ነው ወይስ የሕንፃው ደካማ አየር ማስገቢያ የሚለው ግን ለዓመታት አከራክሯል።

ጣት የተቀሰረበት 4-ፊኒልሳይክሎሄክሲን የሚባል ውህድ ነበር፤ የምንጣፉን ክሮች ከጀርባ አጣብቆ ከሚይዘው ላቴክስ የሚወጣ። አዲስ ምንጣፍ «አዲስ፣ አዲስ» የሚሸተው በአብዛኛው በእርሱ ነው። አፍንጫችን ይህን ውህድ ከአየሩ ቢሊዮን እጅ አንዱን እንኳ ሳይሞላ ይለየዋል። ፎርማልዲሃይድ የሚባለውን ጎጂ ጋዝ ግን በዚያ መጠን ፈጽሞ አያሸተውም። ስለዚህ አፍንጫችሁ ዝም አለ ማለት አየሩ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም።

በ1990 የኤጀንሲው ሠራተኞች ማኅበር መንግሥት ገደብ እንዲያወጣ አመለከተ። ኤጀንሲው ማመልከቻውን ሳይቀበል ቀርቶ አምራቾችን ለውይይት ጠራ። በ1992 ዳልተን፣ ጆርጂያ የሚገኘው የአምራቾቹ ማኅበር፣ ካርፔት ኤንድ ራግ ኢንስቲትዩት፣ አረንጓዴውን ምልክት ጀመረ፤ በ2004 ደግሞ ጠበቅ ያለውን ሁለተኛውን አወጣ። ምልክቱ እንግዲህ አምራቾች በፈቃዳቸው የሚገቡበት ነው፤ ሕግ አይደለም።

ፈተናው ግን ቀልድ አይደለም። ናሙናው ከፋብሪካ ታሽጎ ይመጣል። ፊቱ ብቻ እንዲተነፍስ ጀርባውና ጠርዙ ይሸፈናል። አሥር ቀን በንጹሕ አየር ይቆይና ለአራት ቀን ከማይዝግ ብረት በተሠራ ሳጥን ውስጥ ይገባል፤ 23 ዲግሪ ሙቀት፣ 50 በመቶ እርጥበት። በአንድ በኩል ንጹሕ አየር ይገባል፤ በሌላው በኩል የሚወጣው ጣት በምታህል ቱቦ ውስጥ ያልፋል። ቱቦዋ ውስጥ ያለው ዱቄት ምንጣፉ የተፋውን ይዞ ያስቀራል። እኔ የማነበው ያንን ነው።

የሚገኘው ቁጥር ከዚያ በሒሳብ ወደ ክፍል ይለወጣል። የማን ክፍል? የካሊፎርኒያ የመማሪያ ክፍል! ወለሉ 89 ካሬ ሜትር፣ አየሩ 231 ሜትር ኩብ፣ በሰዓት 0.82 ጊዜ የሚታደስ። በየሰዓት ከሩብ ገደማ ክፍሉን የሚሞላ ያህል ንጹሕ አየር ይገባለታል ማለት ነው። እዚያ ክፍል ውስጥ ፎርማልዲሃይድ በሜትር ኩብ ከ9 ማይክሮግራም ካልበለጠ በዚያ በኩል ምንጣፉ አለፈ።

የእህቴ ምድር ቤት ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው፤ መስኮቱም ታሽጓል። የሚገባው አየር በግማሽ ሲቀንስ፣ ከዚያው ምንጣፍ የሚወጣው በአየሩ ውስጥ እጥፍ ገደማ ይሆናል። ፈተናው የሚያነበው የአሥራ አራተኛውን ቀን ነው፤ እርሷ ገና በአራተኛው ላይ ናት። ይህን ሁሉ እያሰላሁ ወደ ጋራዡ ወጣሁና ባዶ የሙጫ ባልዲ አየሁ። ክዳኑን ከፈት ሳደርገው ደረጃው ላይ ጉሮሮዬን የያዘኝ ያው ሽታ ነው። ምንጣፉ ተፈትኗል፤ ሙጫውን የጠየቀ ሰው አልነበረም።

ሕፃናቱን አራት ቀን ወደ ጓደኛዋ ቤት ላክናቸው፤ የአራት ቀን ገቢዋ ቀረ። ፕላስቲኩን ቀድደን ማራገቢያውን ወደ ውጭ አዞርነው። ዕጣኑን አጠፋሁባት፤ ተቆጣች። ዕጣን ሽታ ይሸፍናል እንጂ አየር አያጸዳም፤ ጭሱ የራሱን ፎርማልዲሃይድ ይጨምራል። ለቡና ስታጨሱም መስኮት ከፈት አድርጉ።

ምንጣፍ ስትገዙ ለሙጫውና ከሥር ለሚነጠፈው ስፖንጅም ለየብቻ ምልክት ጠይቁ። ሙጫ ሳይፈስ ዳር ዳሩን ብቻ ተይዞ የሚነጠፍ ከሆነ ይሻላል። አርብ ማታ አስነጥፋችሁ እስከ ሰኞ መስኮት ክፈቱ። ፒፋስ የተባለው፣ እድፍ እንዳይዝ የሚቀባው ኬሚካል፣ በዚህ ፈተና አይለካም፤ ሕፃን ደግሞ ወለሉን በእጁ ዳብሶ እጁን ወደ አፉ ይወስዳል። ስለዚህ ይህንንም ለይታችሁ ጠይቁ።

ባልዲውን ይዤው መጥቻለሁ፤ በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አለ። የተጻፈበትን አንብቡት። ክዳኑን መክፈት የሚፈልግ ግን እባካችሁ ውጭ ይክፈተው።